ሱስ ነው ወይስ ያስፈልገናል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር የሚሰማ አንድ ወሬ አለ። «ሥጋው አልናፈቀኝም፣ ወተቱም አልናፈቀኝም፤ ቡናው ነው እንጂ የገደለኝ!» ይባላል። ራሷን በነጠላዋ ጥፍር አድርጋ አስራ ከቅዳሴ የምትወጣ እናት «ራሴን ለሁለት ከፈለው» ትላለች። ወጣቱም በበኩሉ ሰዓቱን እያየ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ይቆጥራል።

ይህን የምጽፍላችሁ ከእነርሱ አንዱ ስለሆንሁ ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት «ቡና ያስፈልገኛል፤ ያለ ቡና መጸለይም አልችል» እል ነበር። አንድ ቀን የንስሐ አባቴ ይህን ሰምተው ፈገግ አሉና «ልጄ፣ ያስፈልገኛል ነው ወይስ ይዞኛል?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ሳቅሁ። በኋላ ግን ጥያቄያቸው የሚያስቅ እንዳልሆነ ያየሁት በሌላ ሰው ጉዳት ነው። እርሱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ። የዛሬው ትምህርታችን ይህችው የአባቴ ጥያቄ ናት።

፩. አነጋገራችን ራሱ ይለየዋል

እስቲ የራሳችንን አፍ እንመርምር። ውኃ ሲያስፈልገን «ጠማኝ» እንላለን። እንጀራ ሲያስፈልገን «ራበኝ» እንላለን። ጠጥተን በልተን ስናበቃ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን እንነሣለን። ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ስለ ሱስ ስንናገር ግን ቃላችን ይለወጣል። «ሱስ ያዘኝ»፣ «ሀራራዬ ተነሣብኝ»፣ «አልለቅ አለኝ» እንላለን። ልብ በሉ! «ያዘኝ፣ ተነሣብኝ፣ አልለቅ አለኝ» የምንለው ስለ ምን ነው? ስለ በሽታ ወይም ስለ ክፉ መንፈስ አይደለምን? አባቶቻችንና እናቶቻችን መጽሐፍ ሳያገላብጡ ልዩነቱን በአንደበታቸው አስቀምጠውልናል። የሚያስፈልገንን ነገር እኛ እንይዘዋለን፤ ሱስ ግን እኛን ይይዘናል።

ስለዚህ አስፈላጊ ማለት ሕይወታችን ወይም ጤናችን ያለ እርሱ የማይቆም፣ ሲሟላ ደግሞ የሚያሳርፈን ነገር ነው። ሱስ ማለት ግን አስቀድሞ ያለ እርሱ እንኖር የነበረ፣ ከለመድነው በኋላ ያለ እርሱ የማንኖር የሚመስለን፣ ብንሰጠውም የማያርፍ ነገር ነው።

ሐኪሞችም በዚህ ነገር ከእኛ አይርቁም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች መዝገብ የአልኮልና የመሳሰሉት ነገሮች ጥገኝነት በሦስት ምልክቶች እንደሚታይ ያስረዳል። አንደኛው ሰው መጠኑንና ጊዜውን መቆጣጠር ሲያቅተው ነው። ሁለተኛው ነገሩ ከሥራ፣ ከቤተሰብና ከጤና ሲቀድምበት ነው። ሦስተኛው ሰውነት ለምዶት መጠኑ እየጨመረ ሲሄድ፣ ሲቀርም ሲያሳምም ነው።

፪. ሱስ ራሱ ቆስቁሶ ራሱ ያበርዳል

የቡናውን ነገር እንይ። ቡና ኃጢአት ነው የሚል ትምህርት አላመጣሁም። ጎረቤት የሚጠያየቀው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ ያዘነ የሚጽናናው ጀበና ከብቦ፣ አቦል ቶና በረካ እየተባለ ነው። ነገር ግን በራሳችን ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅመናል።

አንጎላችን ሲደክም «አሁን ዕረፍ» የሚል መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር በውስጡ አለ። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ያን መልእክት መቀበያው ላይ ተቀምጦ ይዘጋዋል፤ ስለዚህ እንነቃለን። ዕለት ዕለት ሲዘጋበት ግን አንጎል ተጨማሪ መቀበያ ያበጃል። አንድ ቀን ቡናው ሲቀር ያ ሁሉ የድካም መልእክት በአንድ ጊዜ ይገባል። ጠብቦ የነበረው የራስ የደም ሥርም ይሰፋል፤ ራስ ምታቱ ይህ ነው። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ስኒ ከተጠጣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ በአንደኛውና በሁለተኛው ቀን ይበረታል፣ ከ2 እስከ 9 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥም ይለቃል።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ምሥጢር አለ። የጠዋቱ ስኒ «አዳነኝ» የምንለው፣ ከብዙ በጥቂቱ፣ የትናንቱ ስኒ ካመጣብን ሕመም ነው! ሱስ እንዲህ ነው፤ ራሱ ያቆሰለውን ራሱ እያከመ መድኃኒት መስሎ ይኖራል። ረኃብን እንጀራ አላመጣውም፤ ጥምንም ውኃ አልፈጠረውም። የሱስን ሀራራ ግን ያመጣው ራሱ ሱሱ ነው።

ጫትም ቢሆን እንዲሁ ነው። ምርቃናው ሲያልቅ የሚመጣው ድብርት ለነገው ጫት ምክንያት ይሆናል፤ እንቅልፍ እንቢ ሲል ደግሞ ለጨብሲ መጠጥ ይፈለጋል። አንዱ ሱስ ሌላውን እየጎተተ ያመጣል። ለልጆች ደብተር የተቀመጠው ብር የት ገባ ሲባል መልሱ በዚህ መካከል ይገኛል።

፫. ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያሳዩናል?

እስራኤል በምድረ በዳ በነበሩ ጊዜ እግዚአብሔር መናን አወረደላቸው። ለእያንዳንዱ ሰው በቀን አንድ ጎሞር ተወሰነለት። ብዙ የሰበሰበው አልተረፈውም፣ ጥቂት የሰበሰበውም አልጎደለበትም፤ ለነገ ብሎ ያሳደረው ግን ተልቶ ተገኘ (ዘጸ. 16፥16-20)። አስፈላጊ ነገር እንዲህ ነው። መጠን አለው፤ ከመጠኑ ሲያልፍ ይበላሻል።

እነዚያው ሰዎች ግን ጥቂት ቆይተው በግብፅ ይበሉት የነበረውን ዓሣ፣ ዱባ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እያሰቡ አለቀሱ (ዘኁ. 11፥4-6)። መና እያለላቸው! ሽንኩርቱን ሲያስታውሱ ጡቡን ረሱት፤ ጅራፉንም ረሱት። በረኃብ አልቅሰው ቢሆን ኖሮ ለቅሷቸው የሚያስፈልጋቸውን መጠየቅ ነበር። እነርሱ ግን የባርነቱን ቤት ጣዕም ነበር የናፈቁት። ዛሬም የተወ ሰው የቀደመውን ደስታ ብቻ እያስታወሰ የደረሰበትን መከራ የሚረሳው በዚሁ መንገድ ነው።

ዔሳውንም ተመልከቱ። ከዱር ደክሞ መጣ፤ ረኃቡ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን በአባቱ ቤት ሳለ «ልሞት ነው፤ ብኩርናው ምን ይረባኛል» የሚል ነገር ተናግሮ ብኩርናውን በምስር ወጥ ሸጠ (ዘፍ. 25፥29-34)። ሱስ ሁልጊዜ «ልሞት ነው» ይላል። የአስፈላጊ ነገርን ድምፅ ተውሶ ስለሚናገር እኛም እናምነዋለን።

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ግን አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ጾሞ ተራበ። ረኃቡ እውነት ነበር፤ እንጀራም ለሥጋ ያስፈልጋል። ሆኖም በጠላት ትእዛዝ ድንጋዩን እንጀራ አላደረገም (ማቴ. 4፥1-4)። በእውነት የሚያስፈልገን ነገር እንኳ ጌታችን እንዳይሆን በዚህ አስተማረን። ቅዱስ ጳውሎስም ሁሉ ቢፈቀድለት በአንዳች ነገር ሥልጣን ሥር እንደማይገባ የጻፈው ለዚህ ነው (1ኛ ቆሮ. 6፥12)።

፬. ሁለተኛው ስሕተት፦ የሚያስፈልገንን ሱስ ማለት

እስካሁን ያየነው የመጀመሪያውን ስሕተት ነው፤ ሱሳችንን «ያስፈልገኛል» ማለት። ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ የሚያስፈልገንን ነገር «ሱስ ነው» ብሎ መጣል ነው። ይህ ብዙ አይነገርም፤ ሰው የሚጎዳው ግን በዚህ ነው።

ቀደም ብዬ እነግራችኋለሁ ያልሁት እዚህ ላይ ነው። በሰፈራችን አንዲት እናት ነበሩ። ጸሎታቸው የማይቋረጥ፣ ለሁሉ የሚራሩ። የደም ግፊት ስላለባቸው ለብዙ ዓመታት በየቀኑ ኪኒን ይውጡ ነበር። አንድ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ ቡና እየጠጣን ሳለ «ዕድሜዬን ሙሉ በኪኒን ልኑር እንዴ? ይህም እኮ ሱስ ነው። በዚህ ጾም ልላቀቀው» አሉ። እኔም ሰምቼ «እግዚአብሔር ያበርታዎት» ብዬ አለፍሁ።

የምኩራብ ሳምንት አንድ ጠዋት ምላሳቸው ተያያዘ፤ ቀኝ እጃቸውም ከዳቸው። ተሸክመን ሆስፒታል አደረስናቸው። ደም ወደ አንጎላቸው መሄድ አቁሞ እንደነበር ሐኪሙ ነገረን። በእግዚአብሔር ቸርነት ነፍሳቸው ተረፈች። ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ የሚያማትቡት ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው ነው።

ከሁሉ የቆጨኝ ምን መሰላችሁ? በዚያ ጾም ኪኒኑን ሲተዉ ቡናውን አልተዉም ነበር። «ያለ እርሱ መቆም አልችልም» ይሉ ነበርና። የያዛቸውን «ያስፈልገኛል» አሉ፤ የሚያስፈልጋቸውን ደግሞ «ሱስ» ብለው ጣሉ። ያፈላሁላቸው እኔ ነበርሁ፤ ያበረታኋቸውም እኔ ነበርሁ። የንስሐ አባቴ ጥያቄ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ በግልጽ እንነጋገር። በየቀኑ የሚወሰድ ሁሉ ሱስ አይደለም። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም ሳይሰማን ይጎዳል፤ «ደኅና ነኝ» የምንለው ኪኒኑ ስለሠራ ሊሆን ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛም እንዲሁ ነው። የአንዳንዱ ሰውነት ኢንሱሊን ማመንጨት ጨርሶ ያቆማል። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በካናዳ ቶሮንቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ልጅ ከመሰጠቱ በፊት እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ብዙ ሳይቆይ ይሞት ነበር። የሚጥል በሽታ መድኃኒትም በድንገት ቢቋረጥ ሕመሙን አብሶ ሊያስነሣው ይችላል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲቋረጥ ደግሞ ቫይረሱ እንደገና ይባዛል፤ መድኃኒቱንም ሊለማመደው ይችላል።

«ታዲያ ፀበሉስ?» የሚል ይኖራል። የቀድሞው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ፀበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስተምረዋል። ትምህርቱም አዲስ አይደለም። ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ይነግረናል (ሲራ. 38፥1-8)። ነቢዩ ኢሳይያስ ንጉሥ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ (2ኛ ነገ. 20፥7)። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ስካር አጥብቆ ሲያስጠነቅቅ (ኤፌ. 5፥18) ሆዱን ለሚታመመው ለጢሞቴዎስ ደግሞ ጥቂት ወይን እንዲወስድ መከረው (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ወይኑ አንድ ነው፤ ለአንዱ ጌታ ሆነበት፣ ለሌላው መድኃኒት ሆነለት። ቤተ ክርስቲያናችንም ለታመመ ሰው በጾም ሥርዓት ትራራለች እንጂ በላዩ ሸክም አትጨምርም።

፭. በሦስት ጥያቄ እንፈትነው

አንድን ነገር «ያስፈልገኛል» ወይም «ሱስ ነው» ከማለታችን በፊት እነዚህን እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ሲሟላ ያርፋል ወይስ ይጨምራል? ውኃ የጠጣ ሰው ነገ ሁለት እጥፍ አይጠማውም። የመጠጥ ሱስ ግን አምና በአንድ ብርጭቆ የረካውን ሰው ዘንድሮ ጠርሙስ ያስጨርሰዋል። የግፊት ኪኒን ናፍቆት ደግሞ ማንንም ከሌሊት እንቅልፉ አያስነሣም፤ እንዲያውም የምንረሳው እርሱን ነው!

ሁለተኛ፣ ማን ማንን ያገለግላል? የሚያስፈልገን ነገር ለሥራ፣ ለጸሎት፣ ለቤተሰብ አቅም ይሰጠናል። ሱስ ግን ሥራን፣ ጸሎትንና ቤተሰብን ለራሱ ያስገብራል። ሌሊት ሞባይሉን ሲያገላብጥ አድሮ ኪዳን ያመለጠው ሰው ስልክ አያስፈልገውም አልልም፤ ያስፈልገዋል። ግን በዚያች ሌሊት አገልጋዩ ማን ነበር? ስልኩ ወይስ እርሱ?

ሦስተኛ፣ የምደብቀው ነገር አለን? «ስንት ጠጣህ?» ሲባል የሚቀነስ፣ «ምን ያህል አወጣሽ?» ሲባል የሚሸሸግ ነገር አስፈላጊ ለመሆኑ እንጠራጠር። እንጀራ በላሁ ብሎ የሚደብቅ የለም።

«መንፈሳዊ ነገርስ ሱስ ይሆናልን?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄያችሁ ደግ ነው። እግዚአብሔር ለነፍሳችን ሱሷ አይደለም፤ አየር ለሳንባ እንደሚያስፈልግ እንዲሁ ያስፈልጋታል። ነገር ግን እኛ መልካሙንም ነገር መሸሸጊያ ልናደርገው እንችላለን። የታመመች እናቱን ጥሎ፣ የልጆቹን ምሳ ረስቶ ከጉባኤ ጉባኤ የሚዞር ቢኖር፣ ለወላጅ የሚገባውን «ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ» እያሉ ያስቀሩትን ሰዎች ጌታ እንደገሠጻቸው ያስታውስ (ማር. 7፥9-13)። እውነተኛ ጸሎት ወደ ሰው ይመልሳል እንጂ ከሰው አያሸሽም።

፮. በዚህ ጾም ምን እናድርግ?

ሀ. ጾምን እንደ ሚዛን እንጠቀምበት። 55 ቀን ረጅም ነው፤ የሚለቀውንና የማይለቀውን ለማየት ይበቃል። ነገሩ ሲቀር መጀመሪያ አሳምሞ በኋላ የሚለቅ፣ ከለቀቀም በኋላ ቀለል የሚለን ከሆነ ሱሱን አየነው ማለት ነው። ይህ ፈተና ግን ሐኪም ባዘዘው መድኃኒት ላይ ፈጽሞ አይደረግም።

ለ. ቡና የሚያስቸግረን ጾሙ ሳይገባ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ስኒውን ቀስ በቀስ እንቀንስ። ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ። ራስ ምታቱ ቢመጣ ቀኖች ቆጥሮ የሚሄድ እንግዳ መሆኑን እንወቅ።

ሐ. በየቀኑ ብዙ አልኮል የሚጠጣ ሰው በአንድ ቀን ብቻውን ልቁም አይበል። መንቀጥቀጥ፣ መጣልና አእምሮ መሳት ሊመጣበት፣ ለሞትም ሊያደርሰው ይችላል። ይህ የእምነት ማነስ ሳይሆን የሰውነት መለማመድ ነው። ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ከንስሐ አባቱም ጋር ይመካከር። ለጤነኞች ሳይሆን ለሕመምተኞች ሐኪም እንደሚያስፈልግ የተናገረው ጌታ ራሱ ነው (ማቴ. 9፥12)።

መ. መድኃኒት የምንወስድ ሁሉ ጾሙ ሲገባ ሁለት ሰዎችን እናናግር፤ ሐኪማችንንና የንስሐ አባታችንን። አንዳንዱን መድኃኒት ወደ ማታ ማዛወር ይቻላል፤ አንዳንዱን አይቻልም። ይህን የሚያውቀው ሐኪሙ ነው። ከማስታገሻና ከእንቅልፍ መድኃኒቶች መካከል ሱስ ሊሆኑ የሚችሉ አሉ፤ እነርሱንም ቢሆን መቀነስ ያለብን በሐኪም ምክር ነው።

ሠ. ከሱስ የተረፈችውን ገንዘብ እንቁጠራት። የጫቱ፣ የሲጋራው፣ የመጠጡ ዋጋ በየቀኑ በአንድ ዕቃ ትቀመጥ፤ በሆሳዕና ትከፈት። የታሰረውን መፍታት፣ ለተራበውም እንጀራን መቁረስ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንደሆነ ኢሳይያስ አስተምሮናልና (ኢሳ. 58፥6-7)። ለእኛ ሱስ የነበረው ገንዘብ ለሌላው አስፈላጊ እንጀራ ይሆናል።

ረ. ጎረቤታችን «መድኃኒቴን ልተው ነው» ሲለን እንደ እኔ «እግዚአብሔር ያበርታዎት» ብለን አንለፍ። ቁጭ ብለን እንጠይቅ። «ሐኪምዎን አማከሩ? የንስሐ አባትዎስ ምን አሉ?» እንበል። ሱስ ይዞት የወደቀውንም ወገን «ሱሰኛ» ብለን አንለፈው፤ ሸክሙን እናግዘው።

የተወደዳችሁ፣ ያቺ እናት አሁንም ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ። ኪኒናቸውን የሚወስዱት ከማታው ጸሎት በኋላ በፀበል ነው። «የሚያስፈልገኝን ሰጥቶኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላወቅሁት» ይሉኛል። እኛም በዚህ ጾም ስንጸልይ «የያዘኝን አስለቅቀኝ፤ የሚያስፈልገኝንም አሳውቀኝ» እንበለው። የሰማዩ አባታችን የሚያስፈልገንን ከእኛ ይልቅ ያውቃልና።

ከያዘን ሁሉ ፈትቶ ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሰን። አሜን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. «ያስፈልገኛል» ስትሉት የኖራችሁትን አንድ ነገር በሦስቱ ጥያቄዎች ፈትኑት። ምን አገኛችሁ?
2. መናንና የግብፅን ሽንኩርት የሚለያያቸው ምንድን ነው?
3. በቤታችሁ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለ? በጾም ወራት እንዴት ታግዙታላችሁ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።